ለይርገዱ አሸዋ የተበየደ ሎደር

ወረታ ላይ ብረት የተሰበረበት ሰው ወደ ገሰሰ ይሄዳል። ከደብረ ታቦር መገንጠያው ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረች የብየዳ ቤት አለችው። የባጃጅ ሻንሲ ቢሰነጠቅ፣ የጋሪ ዘንግ ቢጣመም፣ የበር ማጠፊያ ቢነቀል፣ «ገሰሰ ጋ ውሰደው» ነው። ሰውየው ሥራ አይመርጥም። ወሬ ግን ይመርጣል፤ ያውም አብዛኛውን አይወደውም። ሰላም ስትሉት መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ «ደኅና» ይላችኋል፣ አለቀ። ሚስት የለችውም፣ ልጅ የለውም፣ ፀጉሩ ሸብቷል። «ምነው ሳታገባ ቀረህ?» ብሎ የደፈረው ሰው ካለ፣ የሰጠው ብረት ሳይበየድ ሰንብቶበታል።

ለምን እንዳላገባ እኔ ልንገራችሁ፤ እሱ እንደሆነ አይናገርም።

ገሰሰ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ ከሜዳው ዳር፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ ባለች መንደር፣ ወናፍ እያስነፉ የገበሬውን ሁሉ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። እንግዲህ የአገራችንን ሰው ጉድ ታውቁት የለ! ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይሮጣል፣ ማጭዱ ሲሰበር ቀጥቃጭ ይለማመጣል፣ ማዕድ ሲቀርብ ግን ቀጥቃጭ ከደጅ ነው። ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው ይሉታል። እሱ በሠራው ማጭድ ያጨዱትን እህል ይበላሉ እንጂ ከእሱ ጋር አይበሉም። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ልተወውና ወደ ነገሬ ልመለስ።

ይርገዱ ደግሞ የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ባለ ብዙ ከብት፣ ቃላቸው በመንደሩ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ማረሻ ለማስቀጥቀጥ የሚልኩት እሷን ነበር። ገሰሰ ብረቱን ሲያግልና ሲቀጠቅጥ እሷ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ዝምታ፣ ከዚያ ጨዋታ፣ ከዚያ ደግሞ መቼም ወጣትነት ነው፣ ማረሻው ሳይዶለዱም ይዛው መምጣት ጀመረች። ገሰሰም ስለቱ ያልጠፋውን ማረሻ ጊዜ ወስዶ ይስልላት ነበር።

«ኧረ ማረሻው ተስሎ ሊያልቅ ነው፤ አባቴ ምን ይሉኛል?» ስትለው፣

«አዲስ እሠራልሻለሁ» ይላት ነበር።

ኋላ ገሰሰ ቆረጠና አባቱን ለምኖ ሽማግሌ አስላከ። ሽማግሌዎቹ ከደጅ አላለፉም። የይርገዱ አባት ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሏቸው፣ «ልጄን ለወናፍ አልሰጥም፤ መንገዱ ያው» ብለው መለሷቸው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደሞዝ ለሚባል የርብ ማዶ ገበሬ ዳሯት። ደሞዝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ገሰሰ ራሱ ይመሰክራል፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሳይቀለው አይቀርም። ብረትን እንደጋለ ነው መቀጥቀጥ ይባላል፤ የቀጥቃጩ ልጅ ግን የራሱን ብረት እያየ አቀዘቀዘው። ሠርጉ ሳይደርስ መንደሩን ለቆ ወረታ ገባ፣ ብየዳ ለመደ፣ ከዚያ ወዲያ ለቀብር ካልሆነ በቀር ወደዚያ አልተመለሰም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል? ይኸው ዕድሜ ልኩን ይዟት ኖረ። በገበያ ቀን ይርገዱ ሩዝ አስጭና በብየዳ ቤቱ ፊት ታልፋለች። ያን ቀን ገሰሰ ሥራውን ከደጅ አውጥቶ ነው የሚሠራው። «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» ትለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እሷ መንገዷን፣ እሱ ብየዳውን። ይህችኑ እፍኝ የማትሞላ ሰላምታ ግን እስከሚመጣው ገበያ ድረስ ያመነዥካታል።

ደሞዝ ሞተ። በሞተ በዓመቱ ርብ ከአፉ ሞልቶ ወጣና የይርገዱን ማሳ አሸዋ አለበሰው። የርብን ነገር የሜዳው ሰው ያውቀዋል፤ አንዱን ዓመት ለም ደለል ያጎርስሃል፣ ሌላውን ዓመት አሸዋ ይጭንብሃል፣ ጠይቆህ አይደለም።

ወሬውን ለገሰሰ ያመጣለት አያልነህ ነው። አያልነህ ትንሽ ትራክተር አለችው፤ ከማሳ ወደ መፈልፈያ ሩዝ ያመላልስባታል። የሟቹ የደሞዝ የሩቅ ዘመድ ሲሆን፣ ወሬ ካላወራ የበላው የማይፈጭለት ሰው ነው። አንድ ቀን የተጎታቹን መንጠቆ ሊያስበይድ መጥቶ፣ ገሰሰ ሥራ ላይ እያለ፣

«ሰማህ? የደሞዝ ሚስት አገር ልትለቅ ነው» አለው።

«የቷ?» አለ ገሰሰ። የማያውቃት መስሎ እኮ ነው!

«ይርገዱ ናታ! ማሳዋን አሸዋ ውጦት የለ? ካረሰች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ዘንድሮም ለሩዝ ካልደረሰ ምን ትበላለች? መስከረም የምትባለው፣ መተማ የተዳረችው ልጇ ነይ ብላታለች፤ ሰኔ ሳይገባ ጓዟን ጠቅልላ መሄዷ ነው። መሬቱን የደሞዝ ወንድም ሰውመሆን ሊረከባት ነው አሉ።»

«በደቦ አያነሱላትም?»

«በአካፋ? ያን ሁሉ አሸዋ? ኧረ ተው ገሰሰ፣ በአካፋ ቢዛቅ ለልጅ ልጇም አይደርስ!»

ገሰሰ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ ሳያወርደው፣ ብረቱን ለኮሰው። ያን ያህል ዓመት የበየደ ሰው! በማግስቱ ዓይኖቹ አብጠው፣ የድንች ቅራፊ አስሮባቸው፣ ከቤቱ ተጋድሞ ዋለ። እንባው ያለማቋረጥ ይወርዳል። «ብየዳ መታኝ» አለ ለጠየቀው ሁሉ። እሺ፣ ይሁን፣ ብየዳ ነው።

ዓይኑ ሲሻለው በቀጥታ አያልነህ ጋ ሄደ። «ትራክተርህን ስጠኝ። ከፊቷ ክንድና አካፋ ገጥሜ ሎደር አደርጋታለሁ» አለው።

አያልነህ ሳቀ። ሎደር እሱ የሚያውቀው የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲያመጣው ነው፤ ቤት የሚያህል፣ ቢጫ፣ ጎማው ከሰው የሚበልጥ። «በእኔ በሬ በምታህል ትራክተር ላይ? አብደሃል እንዴ ሰውዬ?»

«የመፈልፈያውን ገለፈት ታነሳልሃለች። ያን ሁሉ ክምር በሰው ከማስፈስ አይሻልም?»

እውነት ነው፣ በወረታ መፈልፈያዎች ጀርባ የሩዝ ገለፈት ኮረብታ ሠርቷል፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከተማው ይስላል። አያልነህ አሰበበትና «እንግዲያው ሞክራት፤ ከሰበርካት ግን እንጣላለን» አለ። ስለ ይርገዱ አንድም ቃል አልተነሳም።

ገሰሰ ሥራውን ጀመረ። ያረጀ የአይሱዙ ሻንሲ ቆርጦ ክፈፍ ሠራ፤ ክፈፉ የትራክተሯን ሆድ በሁለት ጎን አቅፎ እስከ ኋላ ዘንጓ ይደርሳል፣ ከኋላም በአግድም ብረት ተያይዟል። ሁለት የዘይት ጃኮች ሐሙሲት ካለ ቁራሌ ቤት አገኘ፤ ከተገለበጠ ገልባጭ መኪና የወጡ ናቸው። የዘይት ፓምፑን ከሌላ ሬሳ መኪና ነቀለ። አካፋውን ከወፍራም ላሜራ አጥፎ በየደው። የአካፋው ከንፈር ግን ላሜራ ብቻ ከሆነ አሸዋ ይበላዋል፤ ጠንካራ ብረት ይፈልጋል። የጭነት መኪና ባሌስትራ አመጣና፣ እዚያ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ፣ እንደ አባቱ አግሎ በመዶሻ ሳለው። ጎረቤቶቹ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው «ምነው ዛሬ ገሰሰ ቀጥቃጭ ሆነ?» ተባባሉ። እሱ ያን ብረት ሲቀጠቅጥ ከደጁ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስለው ነበር። ቀና ይላል፤ ማንም የለም። እንደገና ይቀጠቅጣል። ናፍቆት እንዲህ ያደርጋል፤ ሽማግሌ አይፈራ፣ ሽበት አይፈራ።

ሥራው በአንዴ አልሠመረም። መጀመሪያ አንዱ ጃክ ከሌላው ቀድሞ እየተነሳ አካፋው ልክ አንገቱን እንዳመመው በሬ ወደ ጎን ተንጋደደ። ሲስተካከል ደግሞ የዘይቱ ቱቦ ፈንድቶ፣ ለልደታ የለበሰውን ነጭ ልብስ ሳይቀይር የመጣውን አያልነህን ከእግር እስከ ራሱ አጠበው። አያልነህ ዘይት እየተፋ «ይቺ ሎደር ጠላቴ ናት!» ብሎ ጮኸ። ገሰሰ ሲስቅ የታየው ያን ቀን ነው፤ የብየዳ ቤቱ ሰፈር እስካሁን ያወራዋል።

አንድ ነገር ግን አጠፋ። ማሳውን ሄዶ አላየም። ባሏ ከሞተባት ሴት ደጅ ምን ብሎ ይሂድ? ሰው ምን ይላል? እሷስ ምን ትላለች? እንዲህ ሲፈራ፣ አሸዋውን ሳያይ፣ በልቡ እየገመተ ሠራ። ሲጨርስም የፈተናት ከመፈልፈያው ጀርባ፣ በገለፈት ክምር ላይ ነው። ትራክተሯ አካፋዋን ከክምሩ ሰካች፣ ሞላች፣ ከፍ አደረገች፣ ወዲያ ደፋች። የመፈልፈያው ሴቶች እልል አሉ፣ ባጃጅ ነጂዎች ጥሩምባ ነፉ፣ ገለፈቱ እንደ ጉም ተነስቶ ሁሉንም አለበሰ። አያልነህ ትራክተሯን አቅፎ ሳማት።

«አሁን ርብ እንሂድ» አለው ገሰሰ።

«ርብ ምን አለ?»

ገሰሰ የአካፋውን ከንፈር በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። አያልነህ አየው፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያ ገባው። «ኧረግ! አንተ ሰውዬ! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ፣ ያንተን ሎደር አወጣው!»

«ዝም በል።»

«ዝም አልኩ» አለ አያልነህ። በሕይወቱ ቃሉን የጠበቀባት ቀን ያቺ ሳትሆን አትቀርም። ለይርገዱ ሄዶ ሎደር እንደሚመጣላት ብቻ ነገራት፣ እሷም ለመንደሩ ደቦ ጠራች፣ ጠላ ጠመቀች።

ግንቦት ነው፤ ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከብቱ ወደ ጣና ዳር ወርዷል። ገሰሰ ትራክተሯን እየነዳ ከይርገዱ ማሳ ሲደርስ ልቡ ወረደ። ማሳው ማሳ አይደለም፤ የወንዝ ሆድ ነው። አሸዋው ከዳር እስከ ዳር ተንጣልሎ፣ ከድሮው የሩዝ ክትር ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። ይርገዱ ጥቁር ለብሳ ከቤቷ ደጅ ቆማለች። «እንኳን ደኅና መጣህ» አለችው። «እንኳን ደኅና ቆየሽኝ» አላት። ያን ሁሉ መንገድ ሲያሰላስለው የመጣው ነገር ሌላ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ይኸው ብቻ።

አካፋውን ከአሸዋው ሰካ። ላይኛው ደረቅ ነው፤ ሥሩ ግን ገና የወንዙን ውኃ እንደያዘ ነው፣ ከብዷል። ማንሻውን ሳበ። አካፋው አልተነሳም። የተነሳው የትራክተሯ ኋላ ነው! ሁለቱ ትላልቅ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነስተው አየር ላይ ዞሩ፣ ትራክተሯ በአፍጢሟ ተደፋች፣ ገሰሰ መሪው ላይ ተንጠለጠለ። ገለፈትና እርጥብ አሸዋ አንድ ነው እንዴ! የሩዝ አገር ሰው ካልሆነ በቀር ሎደር በገለፈት የሚፈትን ማን አለ?

ደቦው በሳቅ ፈረሰ። «ጎበዝ፣ የቀጥቃጭ ትራክተር ሰገደች!» አለ ሰውመሆን። ይህ ሰውመሆን መሬቱ በአሸዋ ቢቀር የማይጠላ ሰው ነው፤ ይርገዱ ከሄደች የሚረከበው እሱ አይደል?

ገሰሰ አካፋውን ደፍቶ ትራክተሯን መለሳት። ፊቱ ደም መስሏል። «ከኋላ ክብደት ትፈልጋለች» አለ። «በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሙሉና ከኋላው ብረት ላይ እንሰረው። ከረጢቱ እስኪሞላ አቅሟን ላያት፤ አንድ ሁለት ሰው ይቀመጥባት፣ ቀስ ብዬ ነው የማነሳው።»

ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዱ አንዱን አየ። ሰውመሆን «ቀጥቃጭ በሠራው ላይ ማን ይቀመጣል? ምን ቆርጦን!» አለ። አያልነህ እንኳ፣ ወረታ ላይ ከገሰሰ ጋር ካንድ ሳህን የሚበላው ሰው፣ በዘመዶቹ መሀል ሲሆን መሬት መሬት አየ። ነገሩ እዚያው ላይ ሊያልቅ ነበር። ትራክተሯ ወደ ወረታ፣ ይርገዱ ወደ መተማ።

ያን ጊዜ ይርገዱ የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ መጣች። ለማንም አንድ ቃል አልተናገረች። ከኋላው አግድም ብረት ላይ ወጣች፣ ተቀመጠች፣ የክፈፉን ዘንግ ያዘች። «ገሰሰ፣ ንዳ» አለች።

የይርገዱ ነፍስ አባት ቄስ ዘሩ ከዳር ቆመው ያዩ ነበር። ሸንቃጣ ሰው አይደሉም፣ ቤታቸው ይባረክ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እስኪ ቦታ ልቀቂልኝ ልጄ፤ ክብደት ከተባለስ እኔ አለሁ» አሉ።

«አባ፣ እርስዎ ይቅርብዎ፣ ይወድቃሉ!» አላቸው አንዱ።

«ብወድቅ አሸዋ ላይ ነው» ብለው ወጡ። ከዚያ ማን ይቅር? ቄሱ ወጥተው፣ ሴቲቱ ወጥታ፣ ወንድ ነኝ ያለ ሁሉ ተሽቀዳደመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ገሰሰ ማንሻውን ሳበ፤ አካፋው እርጥቡን አሸዋ ተሸክሞ ቀስ እያለ ተነሳ፣ የኋላው ጎማ መሬቱን አልለቀቀም። ሆ አለ ሰው! ገሰሰ ግን ወዲያው አስቆመና ሁሉንም አስወረዳቸው፤ ሰው ቢያንሸራትተው ነፍስ ይጠፋል። ከረጢት ተሞላ፣ በሰንሰለት ታሰረ። መጨረሻ የወረደችው ይርገዱ ናት። እሷ ስትወርድ ትራክተሯ ቀለል ስትል በጀርባው ተሰማው፤ ልቡን ደግሞ ከበደው።

ሥራው እንዲህ ተጀምሮ ቀናት ቆየ። አሸዋው ከወንዙ ዳር እየተደፋ ክትር ሆነ፣ ጥቁሩ አፈር ከሥር እየታየ መጣ። ገሰሰ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደስታ አያውቅም። ጠዋት ሲደርስ ጭሷ ይታየዋል። ዶሮዎቿን ስትጠራ ይሰማታል። አንዳንዴ ከእንስራዋ ጋር በማሳው ዳር ታልፋለች፤ ያን ጊዜ አካፋውን ባዶውን ያነሳዋል፣ ባዶውን ይደፋዋል። ግን ምሳ በደረሰ ቁጥር ነገሩ ያው ነው። ደቦው ከሾላው ጥላ ሥር ተሰብስቦ ካንድ ገበታ ይበላል፤ ለገሰሰ ሰውመሆን በሰው እጅ እትራክተሯ ድረስ ይልክለታል። አብሮ መውጣት ሌላ፣ አብሮ መብላት ሌላ። አያልነህም ከሾላው ሥር ነው የሚበላው፤ ጀርባውን ሰጥቶ።

የመጨረሻው ቀን ግን ይርገዱ ደግሳ ዋለች። በግ ታረደ፣ ሩዝ የተደባለቀበት እንጀራ ተደራረበ። ለገሰሰ እንደ ልማዱ በሳህን እንጀራ፣ በጣሳ ጠላ ተላከለት። ከትራክተሯ ጥላ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሊጀምር ሲል ኮቴ ሰማ። ይርገዱ ናት። ከሾላው ሥር ሁሉም እያያት በሜዳው መሀል አቋርጣ መጣች፣ ከአጠገቡ ተቀመጠች፣ ከእሱ ሳህን ቆርሳ በላች።

«ምነው ይርገዱ? ሰው ያያል» አላት።

«ይይ። እስከ ዛሬ ተደብቄ ምን አተረፍኩ?»

ከዚያ እሱ የጠጣበትን ጣሳ አንስታ ጠጣችበት። ከሾላው ሥር እጅ ሁሉ ከገበታው ተነሳ። ሰውመሆን ጉርሻውን መልሶ ከገበታው አስቀመጠ። ቄስ ዘሩ «ብሉ እንጂ፣ እህል ፊት ምን ትደነግጣላችሁ!» ሲሉ ይሰማል።

«ገሰሰ።»

«አቤት።»

«ያኔ 'ነይ' ብትለኝ እመጣ ነበር። አባቴም ቢረግሙኝ፣ እመጣ ነበር።»

ገሰሰ የያዘውን እንጀራ መልሶ ከሳህኑ አኖረ። «ፈራሁ» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም ፈራሁ። ደሞዝ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ አልበደለኝም። ግን የትም ቦታ ብረት ሲቀጠቀጥ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።»

ዕድሜውን ሙሉ ሊሰማው የተመኘውን ሰማ። አሁን ሰማው፣ በሽበቱ። ወደ ጥቁሩ አፈር እያየ፣ «መተማ መሄዱስ?» አላት።

«ቀረ፣ ለአንተ ምስጋና ይግባ። መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ የራሴን እህል እበላለሁ። የማንንም እጅ አላይም።»

ልቡ ዘለለ። እንደ ወጣት ዘለለ፣ ምን ይሆናል! እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«ለሐምሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቆብ እደፋለሁ። ለቄስ ዘሩ ነግሬያቸዋለሁ። የሰው ቤት ጥገኛ ሆኖ መመንኮስ ይከብዳል ብዬ ነበር እስከ ዛሬ የፈራሁት፤ አሁን መሬቴ አለ።»

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት፣ ልጇን የዳረች ሴት ቆብ ብትደፋ ወግ ነው፤ ማንም አይደነቅም። ገሰሰ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም። ያን ሁሉ ብረት የቆረጠው፣ ያን ሁሉ ባሌስትራ ያጋለው፣ እዚሁ እንድትቀርለት ነበር። ቀረችም፤ ለእሱ ግን አይደለም።

«ከመመንኮሴ በፊት አንድ ቀን ካንተ ጋር ማዕድ ልቁረስ ብዬ ነው» አለችው። «ከዚያ ወዲያ እኔም እንዳንተ ለብቻዬ ነው የምበላው።»

ገሰሰ ለመመንኮስ ላሰበ ሰው የሚባለውን ያውቃል፤ ማለቱ ነው የከበደው። «ያስፈጽምሽ» አላት።

«አሜን» አለች። ጠቅልላ አጎረሰችው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛም አጎረሰችው። ገሰሰ እያኘከ እንባው ወረደ፤ ዛሬ ብየዳ አልነበረም፣ ለማንም ምክንያት አልሰጠም። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አብረው በሉ። ከዚያ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ገሰሰ እንደገና ትራክተሯ ላይ ወጣ። ማሳው ጸዳ። ደቦው ተመርቆ ተበተነ፣ ፀሐይ ወደ ጣና አዘቀዘቀች። ከይርገዱ ጓሮ አጥር ሥር፣ ሁለት ሦስት አካፋ የማትሞላ የአሸዋ ክምር ቀርታለች። አያልነህ ከኋላ ቆሞ፣ ያቺን አንስቶ እንዲጨርስ ይጠብቃል። ገሰሰ ሞተሩን አጠፋ።

«ይቺንስ?» አለው አያልነህ። «አንሳትና እንሂድ እንጂ፤ አንዴ ናት።»

ገሰሰ ወደ አያልነህ አላየም። የሚያየው ከአጥሩ ወዲያ፣ መብራት ወደተለኮሰበት ቤት ነው። «የኋላው ጎማ ተንፍሷል» አለ። «ነገ መመለስ አለብን።»

አያልነህ ሄዶ ጎማውን በእግሩ መታው። ጎማው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ቀና ብሎ ገሰሰን አየው፤ ከዚያ ቤቱን አየ።

«እውነትህን ነው» አለ። «በጣም ተንፍሷል።»